ከኮሞዶር 64 የዲስክ ምስል የወጣ ፋይል ዝርዝሩ ይታያል፣ ጽሑፉ ግን አይነበብም

የብስኩት ቆርቆሮ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በምዕራብ ጀርመን ተማሪ ሳለ ኮሞዶር 64 የተባለውን የቤት ኮምፒውተር ገዝቶ ነበር። ኮምፒውተሩ ከብዙ ዓመታት በፊት ተበላሽቶ ተጥሏል፤ 11 ባለ 5.25 ኢንች ፍሎፒ ዲስኮች ግን በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሆነው እናቴ ዘንድ እስካሁን አሉ። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። እናቴ ቆርቆሮውን ባየች ቁጥር «ደብዳቤዎቹ እዚያ ውስጥ ናቸው» ትላለች፤ ጎንደር ለነበሩት አያቴ የሚልከውን ደብዳቤ በዚያ ኮምፒውተር ጽፎ፣ በነጥብ ማተሚያ አትሞ ይልክ እንደነበር ታስታውሳለች። ጎንደር የደረሱት ወረቀቶች ዛሬ የሉም።

አንድ የአሮጌ ኮምፒውተር ሰብሳቢ 1541 የሚባለውን የኮሞዶር ዲስክ ማንበቢያና ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኘውን ዙምፍሎፒ አውሶኝ ሁሉንም ዲስኮች ገልብጫለሁ። የተገኙት 11 ፋይሎች ቅጥያቸው ዲ64 ነው። አስሩ እያንዳንዳቸው 174,848 ባይት ሲሆኑ የአራተኛው ዲስክ ምስል ግን 175,531 ባይት ነው። ዊንዶውስ እነዚህን ምስሎች እንደ ዲስክ አይከፍታቸውም፤ የታመቀ ፋይል የሚፈቱ ፕሮግራሞችም አያውቋቸውም። በመጨረሻ ከኢንተርኔት ያገኘሁት አንድ ትንሽ ፕሮግራም የአራተኛውን ዲስክ ዝርዝር አሳየኝ። በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛ «ጸሐፊ» የሚል አንድ ፋይል፣ 9 ብሎክ የሆነ «ፊደል» የሚል ሌላ ፋይል፣ ከዚያም ከ«ደብዳቤ 1» እስከ «ደብዳቤ 12» ድረስ እያንዳንዳቸው 4 ብሎክ የሆኑ ፋይሎች አሉ። «ደብዳቤ 13» ደግሞ 0 ብሎክ ይላል፤ ከዓይነቱ ፊት የኮከብ ምልክት አለበት። የሁሉም ዓይነት ፒአርጂ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤዎቹን «ወደ ጽሑፍ ቀይር» በሚለው ምርጫ ሳወጣ የሚታየው ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነው። አሥራ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሁኔታ ይጀምራሉ፤ ጥቂት እንግዳ ምልክቶች ይቀድሙና የዶላር ምልክትና ዜሮ ይከተላሉ። ዲስኩ በእርጅና ተበላሽቷል ማለት ነው ወይስ የማወጣበት መንገድ ስህተት ነው? እናቴ በየሳምንቱ እየደወለች ትጠይቀኛለችና የምታውቁ ብትረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ትራክ 18፦

ጤና ይስጥልኝ። ለአባትዎ ነፍስ ይማር። አሥራ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች በአንድ ዓይነት ባይቶች መጀመራቸው ተስፋ የሚሰጥ ምልክት ነው። የተበላሸ ዲስክ ጉዳቱን እንዲህ በሥርዓት አይደጋግምም።

አስቀድመው ግን «ወደ ጽሑፍ ቀይር» የሚለውን ምርጫ ፈጽሞ ይተዉት። ይህ ምርጫ ባይቶቹን ፔትስኪ ከሚባለው የኮሞዶር የፊደል ኮድ ወደ ዛሬው አስኪ ይተረጉማል፤ ፋይሉ በፔትስኪ የተጻፈ ካልሆነ የሚሠራው ሥራ ደህናውን ባይት መለወጥና አንዳንዱንም መጣል ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ በዲስኩ ላይ ያለው ባይት ሳይነካ እንዳለ መውጣቱ ነው።

ምስሉ ምን እንደሆነ ማወቅ ቀሪውን ያቀልልዎታል። 1541 የዲስኩን አንድ ገጽ ትራክ በሚባሉ 35 ክብ መስመሮች ይከፍላል፤ እያንዳንዱ ትራክም ሴክተር ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል። የውጭዎቹ ትራኮች ዙሪያቸው ሰፊ ስለሆነ ብዙ ሴክተር ይይዛሉ፤ ከ1 እስከ 17 ያሉት 21፣ ከ18 እስከ 24 ያሉት 19፣ ከ25 እስከ 30 ያሉት 18፣ ከ31 እስከ 35 ያሉት 17 ሴክተር አላቸው። ሲደመር 683 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሴክተር 256 ባይት ስለሆነ 174,848 ባይት ይመጣል። የአሥሩ ፋይሎችዎ መጠን ይኸው ነው። ዲ64 እነዚህን ሴክተሮች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተርታ ከመደርደር በስተቀር ሌላ ነገር የለውም፤ አልታመቀም፣ ራስጌም የለውም። ዊንዶውስ የማይከፍተውም በውስጡ የሚያውቀው ዓይነት የፋይል ሥርዓት ስለማያገኝበት ነው።

የፋይሎቹ ዝርዝር ያለው በመካከለኛው ትራክ፣ በ18ኛው ላይ ነው። ከእሱ በፊት 17 ትራኮች በ21 ሴክተር ስላሉ 357 ሴክተር ይቀድመዋል፤ ስለዚህ ከምስሉ መጀመሪያ 91,392 ባይት ዘልለው ያገኙታል። የ18ኛው ትራክ ሴክተር 0 የትኛው ቦታ እንደተያዘና የትኛው ነፃ እንደሆነ ይመዘግባል፤ ከሴክተር 1 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዳቸው 32 ባይት የሆኑ የፋይል መግለጫዎች ይደረደራሉ። በመግለጫው ውስጥ የፋይሉ ዓይነት፣ የመጀመሪያ ትራኩና ሴክተሩ፣ እስከ 16 ፊደል የሚደርስ ስሙ፣ የብሎኩም (የያዛቸው ሴክተሮች) ብዛት አለ። ፋይሉ ራሱ እንደ መቁጠሪያ የተሰካካ ነው፤ የእያንዳንዱ ሴክተር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች የሚቀጥለውን ትራክና ሴክተር ይናገራሉ፣ ቀሪው 254 ባይት መረጃ ነው። የትራኩ ቁጥር 0 ከሆነ ፋይሉ እዚያ ሴክተር ላይ ያበቃል፤ ሁለተኛውም ባይት መረጃው በዚያ ሴክተር ውስጥ እስከ የት እንደሚደርስ ያመለክታል።

ይህን ሁሉ በእጅ መከተል አይጠበቅብዎትም። ቫይስ የሚባለውን ኢሙሌተር (በዛሬ ኮምፒውተር ላይ ኮሞዶርን የሚያስመስል ፕሮግራም) ሲያወርዱ ሲ1541 የሚባል በትእዛዝ የሚሠራ መሣሪያ አብሮት ይመጣል። ምስሉን በአታች ያስገቡታል፣ በሊስት ዝርዝሩን ያዩታል፣ በኤክስትራክት ሁሉንም ፋይል በአንድ ጊዜ ያወጡታል። ይህን የሚያደርጉት በምስሉ ቅጂ ላይ ይሁን፤ የመጀመሪያውን ምስል እንዳይጻፍበት አድርገው ለብቻው ያስቀምጡት።

ካወጡ በኋላ የ«ደብዳቤ 1»ንና የ«ፊደል»ን የመጀመሪያ ባይቶች በሄክስ ኤዲተር (የፋይሉን ባይቶች በቁጥር የሚያሳይና የሚያስተካክል ፕሮግራም) ከፍተው በአስር ቤት ቁጥር ቢልኩልን መልካም ነው። ይህን የምጠይቀው በምክንያት ነው። የኮሞዶር ፒአርጂ ፋይል የመጀመሪያ ሁለት ባይቶች መረጃው በማኅደረ ትውስታ ውስጥ የት እንደሚጫን የሚናገር አድራሻ ናቸው፤ አድራሻውም ፋይሉ ምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይነግረናል።

የብስኩት ቆርቆሮ (ጠያቂ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሲ1541 ያለ ምንም ለውጥ አወጣኋቸው። «ደብዳቤ 1» 1,002 ባይት ሆኖ ወጣ፤ ሌሎቹም ደብዳቤዎች እንዲሁ ናቸው። መጀመሪያው ይህ ነው፦

0፣ 4፣ 160፣ 167፣ 36፣ 48፣ 32፣ 7፣ 132፣ 167፣ 32፣ 111፣ 95፣ 75

«ፊደል» የሚለው 2,050 ባይት ነው፤ 0 እና 48 ብሎ ይጀምርና 102 ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ 60፣ ከዚያ 0 ይከተላል። «ጸሐፊ» በ1 እና በ8 ይጀምራል። የዶላር ምልክቱና ዜሮው በአስኪ 36 እና 48 መሆናቸውን አሁን ተረዳሁ፤ ምን ማለት እንደሆኑ ግን አላወቅሁም። ሙሉ ፋይሎቹን ከዚህ መልእክት ጋር አያይዣለሁ።

ባይት ቆጣሪ፦

ፋይሎቹን ሳያቸው አመሸሁ፤ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

«ጸሐፊ» በ1 እና በ8 መጀመሩ አድራሻው 2049 ነው ማለት ነው፤ 8 በ256 ተባዝቶ 1 ይጨመርበታል። ይህ በኮሞዶር 64 ቤዚክ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም መነሻ ነው፤ አባትዎ የጻፉት ፕሮግራም መሆን አለበት። የደብዳቤዎቹ አድራሻ 0 እና 4 ሲሆን 1024 ይሰጣል። እሱም የስክሪኑ ማኅደረ ትውስታ መነሻ ነው። ስክሪኑ 40 ፊደል በ25 መስመር፣ በጠቅላላው 1,000 ቦታ አለው፤ ሁለት የአድራሻ ባይት ሲጨመር የእርስዎ 1,002 ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ «ደብዳቤ» አባትዎ ጽፈው ሲጨርሱ እንዳለ ያስቀመጡት አንድ ሙሉ የስክሪን ገጽ ነው።

«ፊደል» ደግሞ 48 በ256 ሲባዛ አድራሻው 12288 ይሆናል። ከአድራሻው በኋላ ያለው 2,048 ባይት ለ256 ቅርጾች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 8 ባይት ይደርሳል፤ ኮሞዶር 64 ደግሞ የፊደሉን ቅርጽ በ8 በ8 ነጥብ ይሥላል። አባትዎ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሌለውን የአማርኛ የፊደል ገበታ ነጥብ በነጥብ ሠርተውታል! በ«ጸሐፊ» ውስጥም ፖክ የሚለውን፣ በአንድ የማኅደረ ትውስታ አድራሻ ላይ ቁጥር የሚጽፈውን ትእዛዝ የሚወክለው ባይት 151 እና ከኋላው «53272፣28» የሚሉ አኃዞች አሉ። ይህ ትእዛዝ የስክሪን ቺፑ ቅርጾችን ከ12288 እንዲያነብ ያደርገዋል።

የመጀመሪያው ቅርጽ፣ ስድስት ጊዜ 102 ከዚያ 60፣ ሀ ይመስላል፤ ነገር ግን የላቲኑ ዩም በኮምፒውተሩ ውስጥ ልክ እንዲሁ ስለሚሣል በዚህ ብቻ አልተማመንኩም። ስለዚህ ወደ 64ኛውና 65ኛው ቁጥር ሄጄ ባይቶቹን በነጥብ አወጣኋቸው፦

□■■■■■■□ 126
□■■□□■■□ 102
□■■□□■■□ 102
□■■□□■■□ 102
□■■□□■■□ 102
□■■□□■■□ 102
□■■□□■■□ 102
□□□□□□□□ 0

ቀጥሎ ያለው፦

□■■■■■■□ 126
□■■□□■■□ 102
□■■□□■■□ 102
□■■□□■■■ 103
□■■□□■■□ 102
□■■□□■■□ 102
□■■□□■■□ 102
□□□□□□□□ 0

በ እና ቡ ናቸው። ግዕዙን ካዕብ ያደረገው 102 የነበረው አንድ ባይት 103 መሆኑ ብቻ ነው። የታችኛው ረድፍ በሁሉም ፊደል ባዶ መተዉንም አይቻለሁ። በዘመኑ የነበረው የኮሞዶር ኤምፒኤስ 801 ማተሚያ ሥዕል ሲያትም ቁመቱ 7 ነጥብ ነውና አባትዎ ቅርጹን ያሳጠሩት ለማተሚያው አስበው ይመስለኛል።

የገበታው ቅደም ተከተል ሁላችንም በልጅነት ያነበነብነው ነው። ከሀ እስከ ፐ 33 ፊደላት በሰባት ሰባት ሲሆኑ 231 ይሆናሉ፤ በ256 ቦታ ውስጥ ይገባሉ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሥርዓቱ ይቋረጣል። ሠ 28፣ ሡ 29፣ ሢ 30፣ ሣ 31 ካሉ በኋላ 32 ባዶ ነው፤ ሤ በ33 ይቀጥላል። ስክሪኑ ሲጸዳ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ቦታ በ32 ይሞላዋል፤ 32 ላይ ፊደል ቢኖር ኖሮ ባዶው ስክሪን በሙሉ በሤ ይሞላ ነበር። ስለዚህ ከሤ ጀምሮ ያለው ሁሉ በአንድ ወደ ፊት ተገፍቷል። ከ232 እስከ 255 ባሉት 24 ቦታዎች አኃዞች፣ ነጥቦችና እንደ ሟ እና ቷ ያሉ ዲቃላዎች ገብተዋል።

አሁን የላኩልንን መስመር ማንበብ እንችላለን። ከ160 ላይ ለግፊቱ አንድ ሲቀነስ 159 ነው፤ ለሰባት ሲካፈል 22 ደርሶ 5 ይተርፋል፤ 23ኛው ፊደል የ ሲሆን ስድስተኛው መልኩ ይ ነው። 167 ድ ነው፤ 36 ረ ነው፤ 48 ስ ነው። 32 ባዶ ቦታ ነው። 7 ከግፊቱ በፊት ስለሆነ እንዳለ ለ ነው፤ 132 ው፤ 167 እንደገና ድ፤ ከዚያ 111 እ፣ 95 ና፣ 75 ቴ።

«ይድረስ ለውድ እናቴ»

የዶላር ምልክቱና ዜሮው ረ እና ስ ነበሩ። አሥራ ሁለቱም ደብዳቤዎች በ«ይድረስ» ስለሚጀምሩ ነው አጀማመራቸው አንድ የሆነው። በዲስኩ ላይ ያለው ጽሑፍ ያለ «ፊደል» ምንም ትርጉም የለውም፤ አንዱ ከሌላው ተለይቶ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ የሚያነበው አይኖርም ነበር።

በዓይንዎ ለማየት ከፈለጉ ምስሉን በቫይስ ውስጥ አስገብተው «ፊደል»ን በሎድ፣ በስምንት ነጠላ ሰረዝ አንድ ይጫኑት፤ ይህ አጫጫን ፋይሉን ወደ ራሱ አድራሻ ይወስደዋል። ከዚያ በፖክ ትእዛዝ 53272 ላይ 28 ይጻፉ። የስክሪኑ ጽሑፍ ሁሉ ወዲያው ወደ አማርኛ ፊደል ይለወጥና የማይነበብ ይሆናል፤ አይደንግጡ። የኮሞዶር ጠቋሚ የሚብለጨለጨው ባለበት ቦታ ባለው ቁጥር ላይ 128 እየጨመረና እየቀነሰ ስለሆነ በባዶ ቦታ ላይ 32 እና 160 ይፈራረቃሉ፤ በአባትዎ ገበታ ይህ ማለት ይ ፊደል እየጠፋና እየታየ ይጠብቅዎታል ማለት ነው።

አሮጌ ቴክኒሻን፦

ባይት ቆጣሪ ያወጡት ንባብ ትክክል ነው፤ ገበታውን በራሴ አረጋግጫለሁ። እኔ የምጨምረው ገና ስላልተነኩት ሁለት ነገሮች ነው፤ በእነዚህ ላይ ጥንቃቄ ከጎደለ የማይመለስ ጉዳት ይደርሳል።

የአራተኛው ዲስክ ምስል ከሌሎቹ በ683 ባይት ይበልጣል። 683 የሴክተሮቹ ቁጥር መሆኑን ልብ ይበሉ። ገልባጩ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ሴክተር አንድ የስህተት ባይት ከምስሉ ጀርባ ስለጨመረ ነው። 1 ማለት ሴክተሩ በደህና ተነቧል፤ 5 ማለት ደግሞ መረጃው ተነቦ ማረጋገጫ ድምሩ አልገጠመም ማለት ነው። የላኩትን አይቻለሁ፤ ከ0 ተነሥተን ስንቆጥር 402ኛው ባይት ብቻ 5 ነው። 18ኛው ትራክ ከ357፣ 19ኛው ከ376፣ 20ኛው ከ395 ስለሚጀምር የታመመው ትራክ 20 ሴክተር 7 ነው። ሰንሰለቱን ስከተል ይህ ሴክተር የ«ደብዳቤ 9» ሦስተኛ ብሎክ ሆኖ አገኘሁት። የመጀመሪያው ብሎክ አድራሻውን ሳይጨምር 252፣ ሁለተኛው 254 ፊደል ይይዛሉና ጥርጣሬው የሚያርፈው ከ13ኛው መስመር 27ኛ ፊደል እስከ 19ኛው መስመር መጨረሻ ባለው ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ይመኑት።

ማንበቢያውን ከመመለስዎ በፊት የንባብ ጭንቅላቱን በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጥጥ በቀስታ ያጽዱና ያን ዲስክ ደጋግመው ይገልብጡት። እያንዳንዱን ቅጂ በተለያየ ስም ያስቀምጡ፤ አንዱን በሌላው ላይ አይጻፉ።

ሁለተኛው ጉዳይ «ደብዳቤ 13» ነው። የኮከብ ምልክቱና 0 ብሎኩ ፋይሉ ሲጻፍ ሳይዘጋ መቅረቱን ያሳያሉ። በመግለጫው ውስጥ የዓይነቱ ባይት 130 መሆን ሲገባው 2 ነው፤ ዲስኩ ሞልቶ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ፣ ወይም ዲስኩ ቀድሞ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። የፋይሉ መነሻ ትራክና ሴክተር ግን እዚያው ተመዝግቦ አለ። በዚህ ምስል ላይ፣ ቅጂውም ላይ ቢሆን፣ ቫሊዴት የሚለውን የዲስክ ማስተካከያ ትእዛዝ እንዳይጠቀሙ እለምንዎታለሁ። ቫሊዴት ያልተዘጋን ፋይል ከዝርዝሩ ይሰርዘዋል፤ ይህን ሳያውቁ ዲስክ «እናስተካክል» ብለው ያጠፉ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔም ወጣት ሳለሁ የአንድ ደንበኛን ዲስክ እንዲሁ አጥፍቻለሁና እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ትክክለኛው መንገድ በቅጂው ላይ በሄክስ ኤዲተር 2ን ወደ 130 ለውጦ ፋይሉን ማውጣት ነው። ሰንሰለቱ ጽሑፉ ከተቋረጠበት ቦታ በኋላ ወደ ሌላ አሮጌ ፋይል ቅሪት ሊያስገባዎት ስለሚችል የሚወጣውን ብሎክ በብሎክ ይመርምሩ።

የተሰረዘ ፋይልም ቢያጋጥምዎ ዘዴው ተመሳሳይ ነው። ኮሞዶር ፋይል ሲሰርዝ የዓይነቱን ባይት 0 ያደርግና ቦታውን ነፃ ብሎ ይመዘግባል እንጂ መረጃውን አያጠፋም።

በመጨረሻም 11 ዲስክ 11 ምስል መስጠቱ አላረካኝም። 1541 የሚያነበው አንዱን ገጽ ብቻ ስለሆነ በዘመኑ ብዙ ሰው የዲስኩን ሌላ ጠርዝ ቆርጦ እየገለበጠ ሁለቱንም ገጽ ይጠቀም ነበር። በግራም በቀኝም ጠርዙ የተቆረጠ ዲስክ ካለ ገልብጠው ያስገቡትና ለብቻው ምስል ያውጡለት።

የብስኩት ቆርቆሮ (ጠያቂ)፦

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ አሮጌ ቴክኒሻን፣ እንዳሉኝ ጭንቅላቱን አጽድቼ አራተኛውን ዲስክ አምስት ጊዜ ገለበጥኩት። በአምስተኛው ጊዜ 402ኛው የስህተት ባይት 1 ሆኖ መጣ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቅጂ ሳነጻጽር የተለየው አንድ ባይት ብቻ ነው፤ 26 የነበረው በመጀመሪያው ንባብ 27 ተብሎ ነበር። በአባቴ ገበታ 26 ም፣ 27 ሞ ነው፤ «ወንድም» የሚለው ቃል «ወንድሞ» ተብሎ ነበር ማለት ነው። አንድ ባይት ብቻ እንዴት ሊሳሳት እንደሚችል አልገባኝም።

«ደብዳቤ 13»ንም 2ን ወደ 130 ለውጬ አወጣሁት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ብሎኮች የአባቴ ጽሑፍ ናቸው፤ በሦስተኛው ላይ የቤዚክ ፕሮግራም ቅሪት ስላገኘሁ እዚያ አቆምኩ። 12 ሙሉ መስመርና 26 ፊደል ተገኝቷል።

አሁን ሁሉንም ወደ ዛሬው የአማርኛ ጽሑፍ መለወጥ እፈልጋለሁ። በፓይተን ትንሽ እችላለሁ። ሰባት ሰባት እየቆጠርኩ ዛሬ ኮምፒውተሮች ለፊደላት ወደሚጠቀሙበት የቁጥር ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ ብቀይር ይሆናል?

ባይት ቆጣሪ፦

በስሌት ብቻ አይሆንም፤ ሠንጠረዥ ይሥሩለት። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው ዕትም ሲሆን ለእያንዳንዱ ፊደል ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ የአባትዎ ገበታ ሰባት ነው። በዚያ ላይ ዩኒኮድ በቀ እና በበ መካከል እንደ ቈ እና ቐ ያሉትን ሦስት ረድፎች ያስገባል። ሀ 4608 ነው ብለው በስምንት እየዘለሉ ወደ አሥረኛው ፊደል ቢሄዱ 4680 ላይ ያርፋሉ፤ በ ግን ያለው 4704 ላይ ነው። ከበ ጀምሮ ያለው ሁሉ ይዛባብዎታል። 256 ቁጥሮችን ከ256 ፊደላት ጋር በእጅ አጣምሮ መጻፍ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከ232 በላይ ያሉትንም ነጥቦችና አኃዞች ቅርጻቸውን እያዩ ከመሙላት ሌላ መንገድ የለም። ጽሑፉን በየ40 ፊደሉ ይክፈሉት፤ አለበለዚያ የመስመሮቹ አከፋፈል ይጠፋል።

ም እንዴት ሞ እንደሆነ ለጠየቁት፣ 1541 እያንዳንዱን አራት ቢት በዲስኩ ላይ በአምስት ቢት ይጽፈዋል። 26 ሲከፈል 1 እና 10 ይሆናል፤ 27 ደግሞ 1 እና 11። 10 በዲስኩ ላይ 11010 ተብሎ፣ 11 ደግሞ 11011 ተብሎ ይጻፋል። ልዩነታቸው የመጨረሻው አንድ ቢት ነው፤ በዲስኩ ላይ የደከመ አንድ የማግኔት ነጥብ ሳድሱን ወደ ሳብዕ ለውጦታል።

የብስኩት ቆርቆሮ (ጠያቂ)፦

ሠንጠረዡን ሠርቼ ጨረስኩ። አሥራ ሁለቱ ደብዳቤዎች በሙሉ ተነብበዋል፤ ለእናቴ በትልቅ ፊደል፣ 40 በ25 የነበረው አከፋፈል ሳይለወጥ አትሜ ሰጥቻታለሁ። አሥራ ሦስተኛው ደብዳቤ በ13ኛው መስመር 26ኛ ፊደል ላይ «የክረምቱ ፈተና ካለቀ በኋላ እመ» ብሎ ይቆማል። የቀረውን ቦታ ባዶ ተውኩት፤ እናቴ ግን ቀጥሎ የሚመጣው «እመጣለሁ» ነው ትላለች፤ በዚያ ክረምት መጥቶ ነበርና።

ዲስኮቹን ደግሜ ሳያቸው አራቱ በሁለቱም ጠርዝ የተቆረጡ ናቸው። ቅዳሜ ማንበቢያውን ከመመለሴ በፊት የጀርባቸውን ገጽ እገለብጣለሁ።